አምስተኛዋ ጣት

ዛሬ ማለዳ ትንሿን የእግር ጣቴን ከአልጋው እግር ጋር አላተምኳት። ራጅ ተነሣሁ። ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ «አምስተኛ ጣት» ብሎ ሲጽፍ አይቼ «የታመመችው የመጀመሪያዋ ናት» አልኩት፤ እኔ የቆጠርኩት ከዳር ነበር። ፈገግ ብሎ፣ በሕክምና ቆጠራው ከአውራ ጣት እንደሚጀምር ነገረኝ።

ለካ ከአምስቱ የብቻው ስም ያለው አውራው ነው፤ በላቲን «ሃሉክስ» ይባላል። መካከለኞቹ ሦስቱ በቁጥር ብቻ ይጠራሉ። የእኔዋ «ዲጂቱስ ሚኒሙስ» የሚል ደርሷታል፤ ትርጉሙም ያው ትንሿ ጣት (ይህም ስም ከተባለ)። ራጁን ብርሃን ላይ ሲሰቅለው ግን ባለስሙ አውራ ጣት ሁለት አጥንት፣ የእኔዋ ምስኪን ሦስት! የእጅ ጣት ሌባም ቢሆን፣ ባለቀለበትም ቢሆን፣ መጠሪያ አለው። የእግርን ጣት ካላመመን ማን ይጠራዋል?

አሁን ትራስ ላይ ናት፤ ከአራተኛዋ ጋር በፕላስተር ታስራ።