መጀመሪያ እግር

ወደ ቦክስ ቤታችን አዲስ የሚመጣ ሁሉ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው የተንጠለጠለው ከረጢት ላይ ነው። ሄዶ መደለቅ ያምረዋል። እኔ ግን አላስነካውም። መጀመሪያ እግር።

ያለነው ባሕር ዳር፣ ቀበሌ 14 አካባቢ፣ ቆርቆሮ የለበሰች አዳራሽ ውስጥ ነው። ክፍያችን ትንሽ ነው፤ እሱም የሌለው ወለል ይጠርጋል። ሊስትሮ አለ፣ የባጃጅ ሹፌር አለ፣ የፔዳ (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ) ተማሪዎች አሉ፣ ጣና ዳር ዓሣ የምትጠብስ ልጅ አለች። ጓንት ለሁሉም ስለማይበቃ በተራ ነው። ከጓንት ሥር እጅ ላይ የሚጠቀለለው ፋሻ ግን የየራስ ነው፣ በየቀኑም ይታጠባል። የቆዳ በሽታ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛመት ጊዜ አይፈጅበትም። መግዛት ላልቻለ ከአሮጌ አንሶላ እንቀድለታለን።

ከረጢቱ የከባድ መኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ነው። የሞላነው ልብስ ሰፊዎች በሚሰጡን ቁርጥራጭ ጨርቅ ነው። አሸዋ መሙላት ይቀል ነበር፤ ግን አሸዋ ወደ ታች ይወርድና እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። የጀማሪ የእጅ አንጓ ይህን አይችልም።

ዓሣ ጠባሿን ልጅ ፋሻ አጠቃለል ሳሳያት ጣቶቿን አስዘረጋኋት። ከአውራ ጣት ተነስተን አንጓዋን ሦስት ዙር፣ የጣቶቿን መገጣጠሚያ ሦስት ዙር፣ ከዚያ በየጣቶቿ መሃል፣ መጨረሻ ላይ ተመልሰን አንጓዋ ላይ።

«ኮች፣ ላላብኝ» አለችኝ።

«እስኪ ጨብጪ።»

ጨበጠች። ያን ጊዜ ጠበቀ። ፋሻ መጥበቅ ያለበት ሲጨበጥ ነው፤ እጅ ተዘርግቶ ከጠበቀማ ደም ይዘጋል።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ወለሉ ላይ በኖራ ያሰመርኩት መስመር ላይ ነው። ቀኝ እጁ የሚያይል ግራ እግሩን ያስቀድማል። ወደፊት ሲሄድ የፊተኛው እግር ይቀድማል፣ ወደኋላ ሲሆን የኋለኛው። እግር ከእግር አይተላለፍም። ይሰለቻቸዋል። ሰልችቶት የቀረም አለ፤ ያሳዝነኛል፣ ግን አልለውጠውም።

አዲስ የመጣን ልጅ «እስኪ ወንድነቱን እንየው» ብሎ ከቆየ ቦክሰኛ ጋር ማጋጠም የለመዱ አሉ። ይህን ከልቤ እቃወማለሁ። ጭንቅላት ላይ የሚጠለቀው መከላከያ ቅንድብ እንዳይሰነጠቅ ያግዛል፤ አእምሮ የራስ ቅል ውስጥ ከመናወጥ ግን አያድንም። ከ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) የሪዮ ኦሊምፒክ ጀምሮ ወንዶቹ ያለ እሱ ሲጋጠሙ አይተናል። ስለዚህ ተመትቶ ያዞረው ወይም ያቅለሸለሸው ሰው የዚያ ቀን ልምምዱ አበቃ። ሐኪም ሳያየው አይመለስም።

የልጅቷ እናት አንድ ቀን መጥተው «ልጄ፣ አደራህን፣ ፊቷን እንዳያበላሹብኝ» አሉኝ።

«እማማ፣ አይስጉ። ማንም ገና አይነካትም» አልኳቸው። ሴቶች በ2012 (እ.ኤ.አ.) ለንደን ላይ የኦሊምፒክ ቦክስ እንደጀመሩም ነገርኳቸው። ብዙም አልገረማቸውም። የእሳቸው ጉዳይ ፊቷ ነው፤ እውነት አላቸው።

ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ሌላ ነው። እዚህ የሙቀቱ ወቅት ነው፣ ብዙዎቹም ጾመኞች ናቸው። ማንንም ጾምህን ፍታ አልልም። በልተውና ውኃ ጠጥተው አመሻሽ ላይ ይመጣሉ፤ ገመድ ዝላይ እናሳጥራለን፣ የእግር ሥራ እናበዛለን። ዓይኑ የደከመውን ካየሁ አስቀምጠዋለሁ።

አሮጌ አንሶላ ያላችሁ አምጡልን፣ ፋሻ እንሠራበታለን። ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ እዚያው አለን።