ከሸዋ ሮቢት የጫንኩት ውሃ

ታኅሣሥ ላይ ደብረ ብርሃን ያደረ ሹፌር ይህን ያውቃል። ማታ ሰማዩ ጥርት ብሎ ኮከቡ ከተንጣለለ፣ ሌሊት ውርጭ አለ። ጠዋት ሣሩ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። የፊት መስታወቱን በመታወቂያ ፍቀህ ነው የምትወጣው።

የዛሬ ሁለት ዓመት እንዲህ ባለ ሌሊት፣ 10 ሰዓት ተኩል ላይ መናኸሪያ ስደርስ አውቶብሷ ተንበርክካ ጠበቀችኝ። ከኋላ በግራ በኩል ገላዋ ጎማው ላይ ሊያርፍ ምንም አልቀረውም። ተሳፋሪው ጋቢውን ተከናንቦ ቆሟል። አንዲት እናት አይተው “ልጄ፣ ይህችም ጸሎት ላይ ናት እንዴ?” አሉኝ። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም።

የእኔዋ ከኋላ ባለስትራ፣ ማለትም ተደራራቢው የብረት ስፕሪንግ፣ የላትም። በባለስትራው ፈንታ ንፋስ የሚሞሉ የጎማ ከረጢቶች ናቸው የሚሸከሟት። በየጎኑ ከፍታዋን የምትጠብቅ ትንሽ ቫልቭ አለች፤ አውቶብሷ ስትጎብጥ ንፋስ ታስገባለች፣ ስትነሳ ታስወጣለች። ሞተር አስነሳሁ። የንፋሱ ጌጅ ቀስ እያለ 8 ባር ገባ። የቀኙ ጎን ተነሳ፣ የግራው ንቅንቅ አላለም። ይባስ ብላ ተጣመመች።

ረዳቴ ጋዜጣ ጠቅልሎ ክብሪት ሊጭር ሲል ደረስኩበት። ጎማና የፕላስቲክ ቱቦ ያለበት ቦታ እሳት! “የፈላ ውሃስ?” አለኝ። የፈላ ውሃ ለአፍታ ይለቅልህና ትንሽ ቆይቶ ራሱ በረዶ ይሠራል። ሦስተኛው ሐሳቡ ደግሞ አረቄ ነበር፤ “ቱቦዋ ውስጥ እናንቆርቁርላት፣ ይሞቃታል።”

እዚያው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ሰፈር የሚሠራ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አለ፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። ደውዬ ከእንቅልፉ ቀሰቀስኩት። ኮቱን ደርቦ መጣና ከሥር ገብቶ ቫልቯን በጣቱ ዳበሳት። “አልታመመችም፣ ውሃ ጠጥታ ነው” አለ። አረቄውን ሲሰማ ደግሞ ረዳቴን ገላምጦት፣ “ግማሹ ውሃ የሆነ ነገር ልትጨምርላት? እሱን አንተ ጠጣው።”

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብቻ ነው። ፀሐይ ጎኗን ነካቻት። 2 ሰዓት ሲል ፍሽሽ... ብላ ተነሳች። ሴቶቹ እልል አሉ።

ጋሼ ግን እንድሄድ አልፈቀደልኝም። የንፋስ ታንኩ ሥር ያለችውን የማፍሰሻ ቀለበት ሳባት። ማኪያቶ የመሰለ ነገር ተፋች! ዘይት የተቀላቀለበት ውሃ ነው። ረዳቴ በሃይላንድ ሲቀበለው ግማሽ ድረስ ሞላ።

“ማታ ከየት ነው የገባኸው?”

“ከሸዋ ሮቢት፣ ጋሼ።”

“በል፣ ውሃውን ከዚያ ጭነኸው መጣህ።”

መንገድ ላይ ሳስበው ገባኝ። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ያለ ቆላ ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,800 በላይ ነው። ሞቃት አየር ብዙ እርጥበት ይሸከማል። ኮምፕሬሰሩ ያንን አየር ስቦ ያምቀዋል። የታመቀው አየር ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ እንደ ድስት ክዳን ላብ ይንጠባጠባል። እኔ ደብረ ሲናን አልፌ፣ የጣርማበርን ዋሻ ወጥቼ ብርድ ውስጥ ስገባ ታንኩ ውሃ ቋጥሯል። ሌሊት ውሃው ቀጭኗ ቫልቭ ውስጥ በረዶ ሆነ። እኔ ጥፋቱን ሁሉ በደብረ ብርሃን ውርጭ ላይ አላክኬ ነበር።

ውሃውን ማስቀረት የነበረበት ማድረቂያው ነው። ውስጡ እርጥበት የሚመጥ እንክብል የሞላበት ጣሳ የሚመስል ነገር ነው። የእኔን ኮምፕሬሰሩ ዘይት ሲተፋበት ከርሞ እንክብሉ ሞቷል። ማድረቂያው እንዳይረጋ የሚያሞቀው የኤሌክትሪክ ሽቦም አለው። ሽቦው ተቆርጦ በፕላስተር ተጠቅልሎ አገኘነው። ከዓመታት በፊት የሆነ ጋራዥ ውስጥ የሆነ ሰው “አፍሪካ ውስጥ ማሞቂያ ምን ያደርጋል?” ብሎ መሆን አለበት። ጣርማበርን አያውቃትም።

ካናዳ፣ ዊኒፔግ ከባድ መኪና የሚነዳ የአጎቴ ልጅ አለ። እዚያ ክረምት ከዜሮ በታች 30 ይገባል። የእኛ ከዜሮ በታች ሁለት ሦስት ዲግሪ ነው ብዬ እያፈርኩ ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀብኝ። ቀጥሎ “ውሃ ካለ ዜሮ ይበቃዋል፤ ከሌለ 30ውም ምንም አያደርግም” አለኝ። እነሱ ጋ ንፋሱ ውስጥ የሚጨመር አልኮል አለ። እሱንም ቢሆን አይወደውም፤ ጎሚኒውን ያደርቃል፣ እንክብሉን ይገድላል፣ መላ ሲጠፋ ብቻ ነው የሚያደርጉት። ረዳቴ ይህን ሲሰማ “አላልኩህም!” ብሎ ዘለለ።

ባለንብረቷ ለአዲስ ማድረቂያ ብር ሲያወጣ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ያን ቀን ለተሳፋሪ የተመለሰውን ሒሳብ ሳሳየው ዝም አለ። አሁን ጥቅምት ሳይገባ ይቀየራል፣ ሽቦውም ተቀጥሏል።

ታንኩን ደግሞ ማታ ነው የማፈሰው፣ ገና እንደገባሁ፣ ሙቀቷ ሳይወጣ። ብዙ ሹፌር ጠዋት ነው የሚያፈሰው። ጠዋት እኮ ረግቷል፣ ምኑ ይፈሳል?

ቀለበቷን የሚስባት ረዳቴ ነው። ትናንት ማታ እጁን ዘርግቶ ጠብታ ሲጠብቅ ደረቅ ንፋስ ብቻ ወጣ። አረቄውን ግን እስካሁን ይገዛል። ለእሷ አይደለም ይላል።