ከቁርስ በፊት 1

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሆድ ብሶኝ ነው የዋልኩት። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ እኔም አላውቀውም። ዝናቡ ይሆናል። ማታ ደግሞ መብራት ሄደ። ሻማ ፍለጋ የእማዬን መሳቢያ ብከፍት ሻማ የለም። ያለው ኦሜፕራዞል ነው፣ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው መድኃኒት። የተጀመረ፣ ያልተነካ፣ በላስቲክ የታሰረ፣ በመሀረብ የተጠቀለለ። በስልኬ መብራት ቆጠርኩት። 11 ስትሪፕ።

አንዱ ካርቶን ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ከቁርስ በፊት 1» ይላል። የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው።

እማዬ ይሄን መድኃኒት የጀመረችው ጉልበቷን ያመማት ጊዜ ነው። ዲክሎፍናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ታዘዘላት። እሱ ጨጓራ ስለሚጎዳ ኦሜፕራዞል አብሮ ተጻፈላት። ልክ ነው፣ በእሷ ዕድሜ እኔም የማደርገው ይሄንኑ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ጉልበቷ ተሻላት፣ ዲክሎፍናኩ ቆመ። ኦሜፕራዞሉ ግን ቀረ። ሌባው ከሄደ አራት ዓመቱ፣ ዘበኛው አሁንም በር ላይ ቆሞ ደሞዙን ይበላል።

ማን ያሰናብተው? የመጀመሪያው ሐኪም ቀጥይም አላላት፣ አቁሚም አላላት። ሁለተኛው «ምን ምን ይወስዳሉ እናቴ?» አላት። ነገረችው። ደግሞ ጻፈላት። ከዚያ በኋላ ወረቀትም አላስፈለገም፣ ፋርማሲስቷ እኔ አለሁ። ከሥራ ስወጣ ቦርሳዬ ውስጥ ጣል አደርገዋለሁ።

ደግሞ ትናንት ፋርማሲው መስኮት ላይ ያልሆንኩት ነገር የለም! አንድ ሰውዬ «የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኘብኝ» ብሎ ማዘዣ ይዞ መጣ። ኦሜፕራዞል፣ አሞክሳሲሊን፣ ክላሪትሮማይሲን፣ ለ14 ቀን። ዋጋውን ሲሰማ «የሳምንቱን ብቻ ስጪኝ፣ ከተሻለኝ ይበቃል» አለኝ። ተሻለኝ ማለትና ባክቴሪያው ሞተ ማለት አንድ እንዳልሆነ፣ በግማሽ ቢያቆም የተረፈው ባክቴሪያ መድኃኒቱን ለምዶ ሊመለስበት እንደሚችል አሥር ደቂቃ ሰበክሁት። ሰልፉ ከኋላው ይጮሃል። ማቆም የሌለበትን እንዳያቆም ለመንኩ። ማቆም የነበረባት ቤቴ ተቀምጣለች።

እርግጥ አንዴ ሞክራ ነበር። በሳምንቱ ደረቷን እሳት በላት። «አየሽ? በሽታው አለ ማለት ነው» አለችኝ። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ማለት አልነበረብኝም። ዴንማርክ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ጨጓራቸውን ምንም የማያማቸው 120 ሰዎች ናቸው። ግማሾቹ የኦሜፕራዞልን የቅርብ ዘመድ፣ ኢሶሜፕራዞልን፣ ለ8 ሳምንት ወስደው አቆሙ። ካቆሙ በኋላ በነበሩት አራት ሳምንታት 44 በመቶው ቃርና ማቃጠል የመሰለ ነገር ተሰማቸው። መድኃኒት የሌለበትን ክኒን ሲውጡ ከነበሩት ግን 15 በመቶው ብቻ። ታፍኖ የከረመ ጨጓራ ሲለቀቅ ከበፊቱ አብልጦ አሲድ ያመነጫል። ጤነኛውም ሰው «በሽታው አለ» ይላል፣ ተመልሶ ይውጣል። ስለዚህ ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ፣ መጠኑን ቀንሶ፣ አንድ ቀን እየዘለሉ፣ ሲያቃጥል አሲዱን ወዲያው በሚያበርድ መድኃኒት፣ በአንታሲድ፣ እያስታገሱ ነው ከእሱ መላቀቅ። ጨጓራው ደምቶ የሚያውቅ ሰው፣ ወይም አስፕሪን በየቀኑ የሚወስድ አዛውንት፣ ይሄን ጨርሶ አይሞክረውም። እማዬ ከሁለቱም አይደለችም።

ለዓመታት ሲወሰድ ቢ12 የሚባለውን ቫይታሚን ሊያሳንስ ይችላል፣ እሱ ሲያንስ ደግሞ ጣት ሊደነዝዝ ይችላል። ባለፈው «ጣቶቼ ደነዘዙኝ» ስትል «ብርድ ነው» ብያታለሁ። ብርድ ይሆናል። ደሟን አላስመረመርኳትም።

እና «ከቁርስ በፊት» የሚለው! ለማን ነው የጻፍኩት? እማዬ እኮ የዓመቱን ግማሽ ቁርስ የማትበላ ሴት ናት። የንስሐ አባቷ ለመድኃኒት ፈቅደውላታል። ጠዋት 12 ሰዓት በጉንጭ ውሃ ትውጠውና ነጠላዋን አጣፍታ ትወጣለች። እህል የምትቀምሰው 9 ሰዓት ላይ ነው። መድኃኒቱ ደግሞ ደም ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ሰዓት ነው። የሚዘጋቸው፣ ጨጓራ ውስጥ አሲድ የሚያፈሱት ፓምፖች በብዛት የሚነቁት ምግብ ሲመጣ ነው። በጾም ቀን 8 ሰዓት ተኩል ላይ ውጪው ማለት ነበረብኝ። ዩኒቨርሲቲ አምስት ዓመት ተምሬ የእናቴን ቁርስ ሰዓት አልጠየቅሁም። ለስንቱ ጿሚ ይቺኑ ሦስት ቃል ጽፌ ሰጥቼ ይሆን?

ካርቶኑን እያገላበጥኩ ስንት እንደቆየሁ አላውቅም። ሆድ መባሱም ጠፍቶልኛል፣ ወይም ሌላ ሆድ መባስ ተተክቷል። ለዚህኛው ኦሜፕራዞል አይሠራም።

«በጨለማ ምን ትጎረጉሪያለሽ?» አለችኝ ከመኝታ ቤት።

«ሻማ።»

«መብራቱ መጥቶ የለም እንዴ?»

ለካ ሳሎኑ በርቷል።

«ይልቅ ነገ ስትመጪ ያቺን መድኃኒቴን እንዳትረሺ። እያለቀች ነው።»

11 ስትሪፕ እጄ ላይ ነው።

«እሺ እማዬ» አልኳት።