ጎንደር ላይ ባለ ቀዳዳ መዳብ ሰርቼ ካርቦንዳይኦክሳይድን እንዴት እንደሞከርኩት

ካርቦንዳይኦክሳይድን በኤሌክትሪክ ወደ ሌላ ነገር ለመቀየር የግድ ውድ ካታሊስት (ራሱ ሳያልቅ ለውጡን የሚያፋጥን ነገር) ያስፈልጋል ብላችሁ የተዋችሁት ካላችሁ ተመለሱበት። እኔ መዳብን የመረጥኩት ብርና ወርቅ በአብዛኛው ካርቦን ሞኖክሳይድ ላይ ሲቆሙ እሱ ግን አልፎ እስከ ሚቴንና ኤቲሊን (ካርቦንና ሃይድሮጅን ያለባቸው ጋዞች) ስለሚሄድ ነው፣ ይሄን ጃፓናዊው ኬሚስት ዮሺዮ ሆሪ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው ያሳየው።

ቀዳዳውን የሚሰራው ሃይድሮጅን ራሱ ነው። ኮፐር ሰልፌትና ሰልፈሪክ አሲድ ያለበት ውስጥ የመዳብ ቁራጭ ኔጌቲቩ ላይ አስሬ በካሬ ሴንቲሜትር ወደ 3 አምፒር እለቅበታለሁ፣ ለሰከንዶች ብቻ፣ ወዲያው አረፋው ይንተከተካል፣ መዳቡ በአረፋዎቹ መሀል መሀል እየተጋገረ ያድግና አረፋው የነበረበት ክፍት ሆኖ ይቀራል። ስታወጡት የሚያብረቀርቀው ቀይ የለም፣ ጠቆር ያለ ቡናማ የማር እንጀራ ነው የሚመስለው፣ በጣት ከነካችሁት ይረግፋል። ቀስ አድርጋችሁ በዲስቲልድ ውሃ እጠቡት (መነፅር አድርጉ እባካችሁ፣ አሲዱ ይረጫል)።

አሁን ዋናው ነገር፣ ቀዳዳ በበዛ ቁጥር ይሻላል የሚለውን እኔ አልቀበልም፣ በተለይ እኛ ጋ። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ የአየር ግፊቱ የባህር ጠለሉን አራት አምስተኛ ገደማ ነው፣ ጋዝ ደግሞ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው በግፊቱ ልክ ነው። የሚሟሟው ካርቦንዳይኦክሳይድ የጥናት ፅሁፎች ላይ በ25 ዲግሪ በሊትር 33 ሚሊሞል ገደማ የሚባለው እኛ ጋ ወደ 26 ይወርዳል። ስለዚህ ፎሙ (ባለ ቀዳዳው መዳብ) ወፍራም ሆኖ ከረንቱን ከጨመራችሁ ውስጥ ያለው ጋዝ ቶሎ ያልቅና መዳቡ ውሃውን እየሰነጠቀ ሃይድሮጅን ብቻ ያወጣል። በዛ ላይ ቀዳዳው ውስጥ ፒኤች ይጨምራል (አሲድነቱ ይቀንሳል ማለት ነው)፣ በመጠኑ ሲሆን ለኤቲሊን ጥሩ ነው፣ ሲበዛ ግን ጋዙ ራሱ ወደ ካርቦኔት ይቀየርና ለመዳቡ አይደርስም። እኔ የማደርገው ፎሙን ስስ ማድረግ፣ መዳቡን ነክሬ ካርቦንዳይኦክሳይድ የምነፋበትን 0.1 ሞላር የፖታሲየም ባይካርቦኔት ውሃ ያለማቋረጥ ማማሰል፣ ከረንቱን ደግሞ ዝቅ ማድረግ ነው።

ከምንም በላይ ግን ካርቦንዳይኦክሳይዱን ዘግታችሁ በአርጎን (ከምንም ጋር በቀላሉ የማይዋሃድ ጋዝ ነው) ያንኑ ሙከራ ድገሙት። ባይካርቦኔቱ ራሱ ትንሽ ካርቦንዳይኦክሳይድ ስለሚለቅ ምንም አይወጣም ማለት አይደለም፣ ግን ከዋናው እኩል ከወጣ ምርቱ እናንተ ከነፋችሁት ጋዝ አይደለም የመጣው፣ አርጎን ካጣችሁ ናይትሮጅንም ይሰራል።