አልቃሻ የተባለችው ገጣሚ

ሰሞኑን ፈረንሳዊቷን ገጣሚ ማርሴሊን ዴቦርድ-ቫልሞርን እያነበብኩ ነው። ፈረንሳይኛዬ ቀስ ስለሚል አንድ ገጽ ላይ ብዙ እቆያለሁ።

ስለሷ የተጻፈውን ሳገላብጥ ደጋግሞ የሚመጣው እንባዋ ነው። ራሷም በ1833 እ.ኤ.አ. ያሳተመችውን መጽሐፍ «እንባዎች» ብላዋለች፤ ማን ይፈረድበታል? ለማልቀስም ምክንያት አላጣችም። የተወለደችው በ1786 ዱዌ በምትባል የሰሜን ፈረንሳይ ከተማ ነው። አባቷ የመኳንንት አርማ ይስል ነበር። የፈረንሳይ አብዮት መኳንንቱን ሲያባርር የሱም እንጀራ አብሮ ሄደ። እናቷ ልጅቷን ይዛ ባሕር ተሻግራ ካሪቢያን ውስጥ ያለችው ጉዋደሎፕ ደሴት ገባች፤ እዚያ ቢጫ ወባ ገደላት። ማርሴሊን በ16 ዓመቷ ብቻዋን ተመለሰች።

ኑሮዋ ቲያትር ሆነ። ትተውናለች፣ ትዘፍናለች። መዝፈን የተውኩት የገዛ ድምፄ ስለሚያስለቅሰኝ ነው ብላ ጽፋለች። ሳታገባ የወለደችው ልጅ ገና በአምስት ዓመቱ ሞተባት። በ1817 ቫልሞር የሚባል ተዋናይ አገባች። ከዚያ በኋላ ባልየው ሥራ ባገኘበት ከተማ ሁሉ ጓዝ ጠቅልሎ መሄድ ነው። ኋላ ኢኔስና ኦንዲን የሚባሉ ሴቶች ልጆቿንም ቀበረች።

ይሄ ሁሉ እያለም «አልቃሻ» ብሎ ማለፍ አይዋጥልኝም። በተለይ የሊዮኑን ግጥም ካነበብኩ በኋላ።

በኤፕሪል 1834 የሊዮን ሐር ሸማኔዎች አመፁ፤ ጦሩ ከተማው መሃል ጨፈጨፋቸው። ማርሴሊን እዚያው ነበረች። በግጥሙ ውስጥ አንዲት ሴት ትናገራለች፦ ሙታናችንን የምንቀብርበት ገንዘብ የለንም። ቄሱ ቆሞ የቀብሩን ዋጋ ይመዘግባል። በጥይት የተበሳሱት አስከሬኖች ተዘርግተው መግነዝ፣ መስቀልና ጸጸት ይጠብቃሉ። መግነዙና መስቀሉ ይገባኛል፤ ጸጸቱን ማን ይዞላቸው ይምጣ? እሱን አትነግረንም። አሸናፊው ደግሞ እያፏጨ ያልፋል። ወዴት? ወደ ግምጃ ቤት፣ የደሙን ዋጋ ሊቀበል።

እንባው ኋላ ይመጣል፤ ሴቶቹ ጥቁር ጥብጣብ ያነሳሉ፣ ያለቅሳሉ። ቀድሞ የሚመጣው ሒሳቡ ነው፦ ማን ይከፍላል፣ ለማን ይከፈላል። ዕድሜዋን ሙሉ ሳንቲም ስትቆጥር የኖረች ሴት ዓይን ይመስለኛል። ግጥሙን በሕይወት እያለች የሚያወጣላት አልተገኘም። በ1859 ፓሪስ ውስጥ ሞተች፤ መጽሐፍ ውስጥ የገባው በማግስቱ ዓመት ጄኔቫ ላይ ነው።

ፈረንሳዊው ገጣሚ ቬርሌን «የተረገሙ ገጣሚዎች» ብሎ ከሰበሰባቸው መሃል ብቸኛዋ ሴት እሷ ናት። በተለይ ባለ 11 ቀለም ስንኟን አድንቆላታል። ፈረንሳዮች 12 ለምደዋል፤ የሷ አንድ ይጎድለዋል፣ ጆሮም ትንሽ ይደናቀፋል። እኔ ወድጄዋለሁ። ሌላ ቦታ ደግሞ ሴቶች መጻፍ እንደሌለባቸው አውቃለሁ፣ እኔ ግን እጽፋለሁ ብላ ትጀምራለች። ክርክር የለ፣ ይቅርታ የለ፣ በቃ ትቀጥላለች።

የግጥም መድበሎች ሁሌ የሚመርጡላት «የሳዲ ጽጌረዳዎች»ን ነው፤ ሳዲ የድሮ የፋርስ ገጣሚ ነው። ለፍቅረኛዋ ጽጌረዳ በመቀነቷ አጭቃ ስትሄድ ቋጠሮው ይፈታና አበባው ባሕር ይገባል። ቆንጆ ነው፣ አልክድም። ምርጫው የኔ ቢሆን ግን የሊዮኑን አስቀድም ነበር። ጽጌረዳው ቢቆይ ምንም አይሆንም።