የሲኤንሲ ማሽኔ ሽቦና ኧርዝ፦ እስካሁን የደረስኩበት

የማሽኑ የብረት ሥራ ካለቀ ወዲህ ሙሉ ትኩረቴ ሽቦው ላይ ነው። ማሽኑ እንጨትና ኤምዲኤፍ የሚቀርጽ ባለ ሦስት አቅጣጫ ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቅረጫ) ነው። ስፒንድሉ (መቁረጫውን የሚያዞረው ሞተር) 2.2 ኪሎዋት ሲሆን መቆጣጠሪያው ጂአርቢኤል የሚባለው የሲኤንሲ ሶፍትዌር የተጫነበት አርዱዊኖ ኡኖ የተባለ ትንሽ ቦርድ ነው። ሁለተኛ እጅ ስለሆነ ሽቦው እንደነበረ ነው የመጣልኝ።

ችግሩ ይሄ ነው። ሥራ መሃል ማሽኑ ድንገት ቀጥ ይላል። ስክሪኑ ላይ አላርም 1 ይመጣል፤ ሊሚት ስዊች (ማሽኑ የመሄጃው ጫፍ ሲደርስ የሚያስቆመው ስዊች) ተነክቷል ማለት ነው። ጋንትሪው (ስፒንድሉን ተሸክሞ የሚሄደው ድልድይ) ግን ከስዊቹ ገና ሩቅ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ዩኤስቢው ራሱ ይቋረጣል።

ከመገመት መፈተሽ ይሻላል። ያንኑ ፋይል ስፒንድሉን አጥፍቼ አስኬድኩት፤ እስከ መጨረሻው ያለ ችግር ሄደ። ቀጥዬ ስፒንድሉን አስነስቼ፣ እንጨት ሳላስነካ አስኬድኩት። አላርም! ስለዚህ ነገሩ የሶፍትዌር አይደለም። የሚረብሸው ቪኤፍዲው፣ ማለትም የስፒንድሉን ፍጥነት የሚቆጣጠረው መሣሪያ ነው።

ቪኤፍዲ ከግድግዳ የሚያገኘውን 220 ቮልት ወደ 310 ቮልት አካባቢ ዲሲ ይለውጠዋል። ከዚያ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየቆራረጠ ለስፒንድሉ እስከ 400 ኸርዝ ይሰጠዋል። በደቂቃ 24,000 ዙር የሚገኘው በዚህ ነው። በእያንዳንዱ ቁርጥ ትንሽ ትንሽ ከረንት በገመዱና በሞተሩ አካል በኩል ወደ ማሽኑ ብረት ይሾልካል። ይህ ከረንት ወደ ቪኤፍዲው መመለስ አለበት። ጥሩ መንገድ ካልሰጠነው ያገኘውን ይይዛል፦ የስዊች ሽቦ፣ የዩኤስቢ ገመድ፣ የኮምፒውተሩ ቻሲ።

ስለዚህ ከኧርዝ ጀመርኩ። የማሽኑ ስፒና የኧርዝ መገናኛ አለው፤ የተሰካበት ዲቫይደር ግን የለውም። ቴስተሩን ኤሲ ላይ አድርጌ ከማሽኑ ብረት እስከ ግድግዳው ሶኬት ኧርዝ ስለካ 110 ቮልት አካባቢ አሳየኝ። ምክንያቱ ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያለው ፊልተር ነው። አንዷ ካፓሲተር ከፌዝ፣ ሌላዋ ከኒውትራል ወደ አካሉ ታስራለች። ኧርዝ ከሌለ ብረቱ የሁለቱ መሃል ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል። ብረት ስትነኩ ጣታችሁን ነዘር የሚያደርጋችሁ ይሄ ነው። ከረንቱ ትንሽ ነው። ግን አንድ ቀን የፌዝ ሽቦ ተላጦ ብረቱን ቢነካ የሚያስቆመው ነገር የለም። ዲቫይደሩን አውጥቼ ኧርዝ ባለው ሶኬት ላይ በቀጥታ ሰካሁት፤ ንባቡ ወደ ዜሮ ወረደ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። «ግቢ ውስጥ ዘንግ ቅበርና ማሽኑን ለብቻው እሰረው» የሚል ምክር በብዛት ይሰማል። እኔ አልቀበለውም። ዘንጉ ከአፈሩ ጋር ያለው ሬዚስታንስ 20 ኦም ነው እንበል። ፌዝ ብረቱን ቢነካ 220 ለ20 ሲካፈል 11 አምፔር ነው። ባለ 16 አምፔር ብሬከር በዚህ አይወርድም። ማሽኑ ከነኤሌክትሪኩ ቆሞ ሰው ይጠብቃል። በበጋ አፈሩ ሲደርቅ ደግሞ ይብሳል። የማሽኑ ኧርዝ ከቤቱ ዋና ኧርዝ ጋር አንድ መሆን አለበት፤ የሊኬጅ ብሬከርም (ከረንት ወደ ኧርዝ ሲሾልክ የሚያጠፋ) ያስፈልጋል። ሁሉም የሊኬጅ ብሬከር ከቪኤፍዲ ጋር ስለማይስማማ፣ የትኛው ዓይነት እንደሚሆን ከመመሪያው እዩ። ቤቱ ጭራሽ ኧርዝ ከሌለው ደግሞ ማሽኑን ከማስነሳታችሁ በፊት ሙያ ያለው ኤሌክትሪሺያን ያሠራው።

ቀጥሎ የመቆጣጠሪያው ሳጥን ውስጥ አንድ የመዳብ ባር አሰርኩ። ቪኤፍዲው፣ ፓወር ሰፕላዩ፣ የሳጥኑ ላሜራ፣ የማሽኑ ፍሬም፣ ሁሉም በየራሳቸው አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ እዚያ ይገባሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው መቀጣጠል የለም። ቡሎን የሚገባበት ቦታ ላይ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ብረቱን አወጣሁት።

ጋንትሪው ብዙ ሰው የሚዘለው ቦታ ነው። ፍሬሙ ታስሯል ማለት ጋንትሪው ታስሯል ማለት አይደለም። ጋንትሪው የሚሄደው በቤሪንግ ላይ ነው፤ መሃላቸው ግሪስ አለ። የራሱን ሽቦ ይፈልጋል፤ በገመድ ሰንሰለቱ ውስጥ ስለሚያልፍም ልል፣ ብዙ ክር ያለው መሆን አለበት። ስፒንድሉን የሚይዘው አሉሚኒየም ደግሞ አኖዳይዝድ (በኦክሳይድ የተሸፈነ) ከሆነ ሽፋኑ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። የስፒንድሉን ሶኬት አራተኛ ፒንም (የኧርዙን) ለኩት። የእኔ ከውስጥ ከምንም ጋር አልተያያዘም ነበር፤ ከአካሉ ጋር አገናኘሁት። ከባሩ እስከ ስፒንድሉ አካል አሁን ከ1 ኦም በታች ነው። ርካሽ ቴስተር ከሆነ የራሱን ገመዶች አገናኝታችሁ የሚያሳየውን መቀነስ አትርሱ።

የስፒንድሉን ገመድ ሺልድ (ሽቦዎቹን ዙሪያውን የሚሸፍን የብረት መረብ) ባለው ቀየርኩት። የዚህ ገመድ ሺልድ በሁለቱም ጫፍ ይታሰራል፤ ለሾለከው ከረንት መመለሻው እሱ ነውና። ሺልዱን አጠማዝዞ በአንዲት ቀጭን ጅራት ማሰር በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ብዙም አይረዳም። ዙሪያውን በክላምፕ ጥርቅም ማድረግ ይሻላል። የስዊች ገመድ ሺልድ ግን በመቆጣጠሪያው በኩል ብቻ ታስሮ ሌላኛው ጫፍ ክፍት ይቀራል። ሁለቱን ገመዶች አራርቁ። መገናኘታቸው ግድ ከሆነ መስቀለኛ ይለፉ፤ ጎን ለጎን አይሂዱ።

ሊሚት ስዊቾቹን ሳይነኩ ዝግ ወደሆነው አሠራር ቀየርኳቸው፤ ጂአርቢኤል ላይ $5=1 ማድረግ ይጠይቃል። ሽቦ ቢበጠስ ማሽኑ ወዲያው ያውቃል። የአርዱዊኖው የውስጥ ፑል አፕ (ፒኑን ወደ 5 ቮልት የሚስበው ሬዚስተር) ከ20 እስከ 50 ኪሎ ኦም ስለሆነ ደካማ ነው፤ ረጅም ሽቦ ላይ ትንሽ ረብሻ ያሸንፈዋል። ስለዚህ ስዊቾቹን በ24 ቮልት አድርጌ በኦፕቶካፕለር (ምልክቱን በብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ክፍል) በኩል አስገባኋቸው።

ተርሚናል ውስጥ የሚገባ ሽቦ ጫፉን በሊድ አትበይዱ። ሊዱ በግፊት ቀስ እያለ ይለሰልስና ቡሎኑ ይላላል። ፈሩል (ጫፉ ላይ ተጨምቆ የሚገባ ትንሽ የብረት ቱቦ) አድርጉበት። ቪኤፍዲውን ከመክፈታችሁ በፊት ደግሞ መብራት አጥፍታችሁ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ጠብቁ፤ ካፓሲተሮቹ ቻርጅ ይይዛሉ።

ያው ፋይል አሁን ስፒንድሉ በሙሉ ፍጥነት እየዞረ ይጨርሳል፤ አላርሙም የዩኤስቢ መቋረጡም የለም። የቀረኝ የአቧራ መሳቢያው ቱቦ ነው። የኤምዲኤፍ ዱቄት በፕላስቲክ ቱቦ ሲሮጥ ስታቲክ ይፈጥራል፤ በተለይ አየሩ ደረቅ ሲሆን። ቱቦው ዙሪያውን ሽቦ የተጠመጠመበት ዓይነት ስለሆነ ጫፉን ልጬ ከባሩ ጋር እያሰርኩት ነው። ሽቦ የሌለው ቱቦ ያላችሁ በውስጡ ራቁት መዳብ ሽቦ አሳልፋችሁ እሰሩት።