ታጥቦ የለቀቀ ከል፦ ሂዩስተን፣ የሮትኮ ጸሎት ቤት

ከዳላስ ሂዩስተን በመኪና አራት ሰዓት ያህል ነው። ቅዳሜ በጠዋት የተነሳሁት አክስቴን ልጠይቅ ነው። ባሏ ካረፈ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል፣ ከቀብሩ ወዲህ እሷ ጋ አድሬ አላውቅም። ሌላም ጉዳይ ነበረኝ። ሠዓሊው ማርክ ሮትኮ ሥዕሎቹን የሠራለትን ጸሎት ቤት ለማየት ስመኝ ዓመታት አልፈዋል።

"ብቻሽን አትሄጂም። ቡናችንን እንጠጣና አብረን እንሄዳለን" አለችኝ። ሂዩስተን ይህን ሁሉ ዘመን ስትኖር እሷም አይታው አታውቅም።

ሰፈሩ ሞንትሮዝ ይባላል። ትልልቅ ዛፎች መንገዱን አጥልተውበታል። መጀመሪያ ዓይኔን የያዙት ትንንሾቹ የእንጨት ቤቶች ናቸው። አንዱ ግራጫ፣ ከጎኑ ያለው ግራጫ፣ ማዶ ያለውም ግራጫ። የመስኮቶቻቸው ጠርዝ ብቻ ነጭ ነው። ቤቶቹን ገዝተው በአንድ ቀለም ያስቀቧቸው ጆን እና ዶሚኒክ ደ ሜኒል የሚባሉ፣ ከፈረንሳይ መጥተው እዚህ የከተሙ ባልና ሚስት ናቸው። ሥዕል ሰብሳቢዎች ነበሩ። ጸሎት ቤቱንም ያሠሩት እነሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1987 የተከፈተው ሙዚየማቸውም ያንኑ ግራጫ ለብሷል። ትልቅ ሕንፃ ነው፣ ግን ጎረቤቶቹን አይጫንም። እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ሰፈር ሰው ተቀምጧል።

ጸሎት ቤቱ ከውጭ ሲያዩት መስኮት የሌለው የጡብ ቤት ነው። ጉልላት የለው፣ መስቀል የለው። መግቢያው ላይ የተለያዩ ሃይማኖቶች ቅዱሳት መጻሕፍት ተቀምጠዋል። የፈለገ ያነሳል። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። እኔ ይህን ክልከላ ወድጄዋለሁ።

ገባን። አክስቴ ዙሪያውን በዓይኗ ቆጠረችና "እንደ አራዳ ጊዮርጊስ ስምንት ማዕዘን ነው" አለችኝ በሹክሹክታ። እውነቷን ነው። ግን አራዳ ጊዮርጊስ ውስጥ የአፈወርቅ ተክሌ ሥዕሎች ከነቀለማቸው ይቀበሉሻል። እዚህ ግድግዳው ላይ ያለው ጥቁር ነው። ከሰው ቁመት በላይ የሆኑ ጥቁር ሸራዎች፣ ዙሪያውን። መልአክ የለም፣ ፊት የለም፣ ዓይን የለም።

"ሥዕሉ የታለ?" አለችኝ።

"ይኸው ነው።"

ዝም አለች። እኔም ከፋኝ፣ አልዋሽም። አራት ሰዓት የነዳሁት ለዚህ ነው ወይ ብዬ አሰብኩ። እግራችንን ለማሳረፍ ያህል መሐል ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን።

ሥዕሎቹ 14 ናቸው። በሦስት ግድግዳዎች ላይ ሦስት ሦስት ሆነው ተያይዘው ተሰቅለዋል፣ በቀሩት አምስት ግድግዳዎች ላይ ደግሞ አንድ አንድ። ብርሃን የሚገባው ከጣሪያው ብቻ ነው። ደመና ሲያልፍ ክፍሉ በሙሉ ይደበዝዛል፣ ደመናው ሲገለጥ ይመለሳል። አሥር ደቂቃ ያህል እንደተቀመጥን ፊት ለፊቴ ያለው ጥቁር ጥቁር መሆኑን ተወ። ወይን ጠጅ ሆነ። ከዚያ ጠርዙ ላይ ቀላ ያለ ነገር ብቅ አለ። ዓይኔ ነው ብዬ ዞር ብዬ ሌላውን አየሁት። እሱ የምር ጥቁር ነው፣ ግን ዙሪያውን ደም የመሰለ ጠርዝ አለው። አጠገቡ ያለው ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወይን ጠጅ ነው፣ ታች ሲደርስ ይጠቁራል። ስገባ አንድ ዓይነት የመሰሉኝ ሥዕሎች አንዱም ሌላውን አይመስልም።

ያኔ ነው አክስቴ ክንዴን የያዘችው።

"የኔ ልጅ፣ ይሄ እኮ ታጥቦ የለቀቀ ከል ነው።"

ማርክ ሮትኮ በዛሬዋ ላትቪያ እ.ኤ.አ. በ1903 ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የመጣ ስደተኛ ነው። ስሙን ያስጠሩት ቢጫና ብርቱካንማ፣ ቀይና ሰማያዊ ሥዕሎቹ ናቸው። ለዚህ ቤት ከ1964 እስከ 1967 ኒው ዮርክ ላይ ሲሠራ ያን ሁሉ ተወው። ከስቱዲዮው የጣሪያ መስታወት ሥር ፓራሹት ዘርግቶ የሚገባውን ብርሃን ይመጥን ነበር። ቤቱ በ1971 ሲከፈት ግን እሱ አልነበረም። ከዓመት በፊት ሕይወቱን በገዛ እጁ አጥፍቷል። ብዙ ሰው ጥቁሩን ከአሟሟቱ ጋር ያያይዘዋል። እኔ አልቀበለውም። ሥዕሎቹ ካለቁ በኋላ ሦስት ዓመት ገደማ ኖሯል። ደግሞም ሞትን ብቻ የሚያስብ ሰው ጥቁር ውስጥ ይህን ያህል ቀለም ለማስቀመጥ አይደክምም።

እኛ እኮ ለሰው መልክ ሲሆን አንዷን ቀለም እንዴት እንደምንከፋፍላት እናውቃለን። ጠይም እንላለን፣ የቀይ ዳማ እንላለን፣ ጠቆር ያለ እንላለን። የምንወደውን ሰው ፊት ስለምናይ ነው ልዩነቱ የሚታየን። ግድግዳ ላይ ሲሆን ግን "ጥቁር ነው" ብለን እናልፋለን።

ስንወጣ ፀሐዩ ዓይን ያጠፋል። ከፊት ለፊት ኩሬ አለ፣ ኩሬው ውስጥ ባርኔት ኒውማን የሚባል ሠዓሊ የሠራው ሐውልት ቆሟል፤ ለማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ የተሰጠ። ሐውልቱ ተገልብጦ በጫፉ የፒራሚድ ጫፍ ላይ ተተክሏል። ከላይ እስከ ታች አንድ የዝገት ቀለም ነው። አክስቴ "አክሱምን ማን ገለበጠው?" ብላ ሳቀች። ያን ቀን የሳቀችው ያኔ ብቻ ነው።

ማታ ከእራት በኋላ ሻንጣ ከአልጋዋ ሥር ጎትታ አወጣች። ከሉን ነው ያወጣችው። ባሏ ሲያርፍ እናቴ ከአዲስ አበባ የላከችላት ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ነበር፣ ጥቁር ተነክሮ። ሥራ ቦታ ዩኒፎርም ግዴታ ስለሆነ ማታ ማታ ቤት ስትገባ ነበር የምትለብሰው። አንድ ዓመት ሙሉ።

ወጥ ቤት ወስዳ መብራቱ ሥር ዘረጋችው። ትከሻው ወደ ቀይ ሄዷል። ደረቱ ወይን ጠጅ ነው። ጥለቱ በነበረበት ቦታ ቀለሙ ሌላ ዓይነት ይዞ ቡናማ ሆኗል። ስፌቱን በጣቷ ገልጣ አሳየችኝ፣ ሳሙናና ፀሐይ ያልደረሰበትን። እዚያ ጋ ገና ድቅድቅ ጥቁር ነው።

"ስለብሰው አላየሁትም ነበር" አለች።

ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ስታየው ቆየች። ከዚያ አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው፣ ሻንጣው ውስጥ አልመለሰችውም።

"ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትሄጂው?"

"ከሰዓት በኋላ።"

"እንግዲያው ጠዋት ሲከፍቱ እንሂድ። የጠዋቱን ብርሃን አላየነውም።"